ለሰልማ የተዘረጋው መስመር

ጋሽ ዘይኑ ዕድሜያቸውን በከብት ንግድ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጨፋ ሮቢት ገበያ በሬ ሲያማርጡ፣ ሌላው ነጋዴ ጥርስና ሽንጥ ሲያይ እሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት ገመዱን ነበር። ገመዱ ያረጀ፣ ቋጠሮው የላላ ከሆነ ባለቤቱ ግዴለሽ ነው፤ ግዴለሽ ሰው ያሳደገውን በሬ ደግሞ አይገዙም። ስለዚህ ከሚሴ ላይ የሚያሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልስን ሊጀመርለት ሲል፣ ናሆም የሚባል የኔትወርክ ባለሙያ ከደሴ መጥቶ «ጋሼ፣ መስመሩ በገመድ ይሁን ወይስ ያለ ገመድ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው።

«ያለ ገመድ ከሆነ ምን ይይዘዋል?»

«ምንም አይዘውም ጋሼ። በአየር ነው የሚሄደው።»

«ይሄዳላ! እኔስ የምለው ምን ሆነና?»

ናሆም ሳቁን ዋጠ። ትልቅ ሰው ፊት መሳቅ ነውር ነው፤ ደግሞም ገና ሥራውን አልተቀበለም።

ቤቱ የሰልማ ላብ ነው። ሰልማ የጋሽ ዘይኑና የባለቤታቸው የመሪማ አንድዬ ልጅ ናት። ጅዳ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ መጀመሪያ ቤት ጠራጊ ነበረች፣ ኋላ የአንዲት ሐኪም ልጅ አሳዳጊ ሆነች። ቤቱ ሲጀመር በስልክ ያዘዘችው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው። «አባ፣ ቀለሙን እንደወደዳችሁ፣ በሩንም እንደወደዳችሁ አድርጉት። ኢንተርኔቱን ግን አደራ። ሥራ ሲቀለኝ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ መዋል ነው የምፈልገው።»

እስከዚያ ድረስ ከእሷ ጋር መነጋገር ማለት መከራ ነበር። መሪማ ስልኳን ይዛ ከቤት ቤት፣ ከአጥር አጥር ትዞራለች፤ መስመሩ ሲገኝ ሰልማ ብቅ ትልና «እማ፣ እንዴት...» እንዳለች አፏ ተከፍቶ ትደርቃለች። አንድ ጊዜ እንዲያው አንድ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ሲያዩት ቆይተዋል። መሪማ በዚያ ዓይን ላይ አልቅሳለች። ጋሽ ዘይኑ ግን «ዓይኗ ደህና ነው፤ ሌላውም ደህና ይሆናል ኢንሻአላህ» ብለው አጽናንተዋታል።

እናም ናሆም ጠመኔውን ይዞ፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ በሚሸተው ቤት ውስጥ ባልና ሚስቱን አስከትሎ ዞረ። ልስኑ ከማለቁ በፊት ገመዱ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ ግድግዳው ውስጥ መቀበር አለበት፤ ኋላ ይሁን ከተባለ አዲስ ግድግዳ መቦርቦር ሊመጣ ነው። ይሄ ለጋሽ ዘይኑ ወዲያው ገባቸው።

«በየክፍሉ አንድ አንድ አድርግ» አሉ። «ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ እንግዳ ቤት፣ ማድ ቤት። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይሰካና ያወራል።»

«አንተ ሰውዬ» አለች መሪማ፣ «ልጄን ግድግዳ ላይ አስረህ ልታናግረኝ ነው? እኔ ይዣት ልዞር ነው የምፈልገው። ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ትሁን። ጓሮ ወርጄ ሎሚው ማፍራቱን ላሳያት። እንደ እስረኛ ጠያቂ አንድ ቦታ ተገትሬ አላወራትም፣ ወላሂ!»

«ያልታሰረውን ማን ያምነዋል?»

«እኔ!»

ናሆም መሐላቸው ገባ። ሁለቱም ያስፈልጋል አለ። ቴሌቪዥኑን የመሰለ ከቦታው የማይነሳ ነገር በገመድ ይሁን፤ ፈጣን ነው፣ አይቆራረጥም። ስልኩ ያለ ገመድ ይሁን። ራውተሩ፣ ማለትም መስመሩን ተቀብሎ ለቤቱ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ቤቱ መሐል ደረጃው አጠገብ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ነገር ግን ታችኛውን ቤት ከላይኛው የሚለየው ሶሌታ አርማታና ብረት ስለሆነ አየር ላይ የሚሄደውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ላይኛው ቤት ሌላ ትንሽ ሣጥን ይፈልጋል፤ እሱም ከታች በገመድ ይመገባል።

«አሃ» አሉ ጋሽ ዘይኑ፣ ፊታቸው በራ፤ «የለቀቅከውም ቢሆን መጨረሻው ገመድ ነው በለኛ!»

«እንደሱ ነው ጋሼ።»

«እንዲህ ብለህ አትነግረኝም ኖሯል?»

የላይኛው ሣጥን የት ይሁን በሚለው ላይ ግን ትንሽ ቆሙ። ሰልማ በድምፅ መልእክት «የእኔ ክፍል በር ላይ ይሁን» ብላለች። ጋሽ ዘይኑ ክፍሉን ከደጃፉ ሆነው አዩት። መስኮት አለው፣ በስተምሥራቅ የጨፋ ሜዳ ማሽላ እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ ይታያል፤ ሌላ ምንም የለውም። «እንግዲህ ባዶ ክፍል ኔትወርክ ምን ያደርግለታል?» አሉ።

«ባዶ አይደለም» አለች መሪማ። «የሰልማ ነው።»

ናሆም ሌላ ሳይጠይቅ በሩ አናት ላይ በጠመኔው መስቀለኛ ምልክት አደረገ።

ቤቱ አለቀ። ዱዓ ተደርጎ ተገባበት። ራውተሩ ሲመጣ ጋሽ ዘይኑ ደረጃው አጠገብ መሰቀሉን አልወደዱትም። ይሄን ያህል የተደከመበት ዕቃ እንግዳ በማያየው ጥግ ይንጠልጠል? ናሆም ሥራውን ጨርሶ ወደ ደሴ እንደተመለሰ ራውተሩን ከነገመዱ አንስተው ሳሎን ያለው አዲሱ ቡፌ ውስጥ፣ ከሲኒዎቹ በላይ፣ መስተዋቱ ፊት አስቀመጡትና ቆለፉበት። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። አረንጓዴ መብራቱ በመስተዋቱ ውስጥ እጥፍ ሆኖ ሲያብለጨልጭ እንዴት ያምራል!

ከዚያ በኋላ ማድ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ። መሪማ ሰልማን ይዛ ከሳሎን በወጣች ቁጥር ልጅቷ እንደ ድሮው አፏን ከፍታ ትደርቃለች። በአንጻሩ ጎረቤታቸው አቶ በዛብህ፣ ከዞኑ ቢሮ ጡረታ የወጡት፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ስልካቸውን እያዩ ብቻቸውን መሳቅ ጀመሩ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ዘይኑ፣ አላህ ይስጥህ» አሉ። «ልጄ የይለፍ ቃሉን ከመሪማ ለምና አመጣችልኝ። እንዴት ያለ ፈጣን መስመር ነው ያስገባኸው!»

ጋሽ ዘይኑ አሜን ብለው ገቡና ናሆምን በስልክ ሰደቡት። ናሆም ሰምቶ ሲያበቃ ሣጥኑ የት እንዳለ ጠየቀ። ነገሩት።

«ጋሼ፣ ቡፌው ጀርባው መስተዋት ነው?»

«እንዴታ! ጥሩ መስተዋት ነው።»

«እንግዲያው መስተዋቱ ወደ ማድ ቤት የሚሄደውን እየመለሰ፣ በፊት ለፊቱ መስኮት ወደ ጎረቤት እየላከላችሁ ነው።»

ራውተሩ በዚያው ቀን ወደ ደረጃው ተመለሰ። በዛብህም በረንዳቸው ላይ ሲስቁ መዋላቸው ቀረ፤ ጋሽ ዘይኑን ግን ለጥቂት ቀን ሲያዩዋቸው ከወትሮው ቀዝቀዝ አሉባቸው።

ከዚያ መልካም ጊዜ መጣ። ምሳ ሲቀርብ መሪማ ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች፤ ሰልማ በትልቁ መስኮት ፊቷ እንደ ሰፌድ ሰፍቶ ብቅ ትላለች። እሷም የራሷን ሩዝ ይዛ ከፊታቸው ትቀመጣለች። ይበላሉ፣ ያወራሉ፣ ዝምም ይላሉ። ዝም መባባል በመቻላቸው ጋሽ ዘይኑ ከሁሉ ይበልጥ ይደነቁ ነበር፤ ድሮ መስመሩ ሳይጠፋ ሁሉን ለመናገር ይሻሙ ነበራ። የማይወዱት አንድ ነገር ቢኖር ጁሪ የምትባለዋን ልጅ ነው። ሰልማ የምታሳድጋት የሐኪሟ ልጅ ናት። ወሬው መሐል የሰልማ ጉልበት ላይ ትወጣና ስልኩን ትነጥቃለች፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚታየው ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ነው።

«ይቺን ልጅ እናቷ አትፈልጋትም እንዴ?» ይላሉ ጋሽ ዘይኑ።

«ተው እንጂ፣ ልጅ እኮ ናት» ትላለች መሪማ።

ጁሪ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዕድሜ ደረሰና የሰልማ ሥራ አለቀ። ሰልማ መጣች። በአካሏ፣ በሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች፣ በአዲስ ጫማ መጣች። በግ ታረደ። ዘመድ ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ ተጭኖ መጣ፤ የማያውቋት ልጆች ሁሉ ሳሟት። ጋሽ ዘይኑ በኩራት ቤቱን እያዞሩ አስጎበኟት፤ እዚህ ጋ ገመድ ተቀብሯል፣ እዚያ ጋ ሣጥን አለ፣ እያሉ። ክፍሏ ደጃፍ ደርሰው አናቱ ላይ ያለችውን ነጭ ሣጥን ሲያሳዩዋት እንባዋ መጣ። በመስመሩ ጥራት የተደሰተች መሰላቸው።

ዘመድ ተበትኖ ቤቱ ሲረጋ ሰልማ ወደ ክፍሏ ወጣችና እዚያው ቀረች። ለቁርስ ትወርዳለች፤ ተጎንብሳ ትበላለች፤ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተመልሳ ትወጣለች። ከላይ አንዳንዴ ዐረብኛ ይሰማል፣ አንዳንዴም ሳቅ። ምሳ ሲቀርብ መሪማ ከደረጃው ሥር «ሰልማ፣ ኮቱ!» ብላ ትጠራለች። «መጣሁ!» ይላል ድምፅ። አትመጣም። ጋሽ ዘይኑ ከጥቁሩ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ይጎርሳሉ። አንድ ቀን እጃቸው መሶቡ ላይ እንዳለ አንድ ነገር ታሰባቸው፤ ልጃቸው ጅዳ በነበረች ጊዜ ምሳ ከእሷ ጋር ይበሉ ነበር።

«ደክሟት ነው» አለች መሪማ፣ ምንም ሳይሏት።

በማግስቱ ጋሽ ዘይኑ ሳሎን ቁጭ እንዳሉ ስልካቸውን አወጡና በኢሞ በምስል ደወሉላት። ወዲያው አነሳችው።

«አባ! የት ነህ?»

«ሳሎን።»

ሰልማ ጣሪያውን፣ ከዚያ ወለሉን አየች፤ ወለሉ ሥር አባቷ አሉ። ሳቅ አለች። «ምነው አባ?»

«ምንም። እንዴት ነሽ ብዬ ነው።»

እንደ ድሮው ወሬ ጀመሩ። የክረምቱን ዝናብ ነገሯት፤ የባጃጅ ሹፌሮች ዋናውን መንገድ እንዴት እንደሞሉት ነገሯት። እሷም ጠየቀች፣ መለሰች፣ ቀለደች። በስልክ ውስጥ ያቺው ልጃቸው ናት፤ ቁርስ ላይ የምትቀርበው ሌላ ሰው ናት። ሲዘጉት አፈሩ። ሆኖም በማግስቱም ደወሉ። መሪማ ከማድ ቤት ብቅ ብላ አንዴ ባሏን፣ አንዴ ደረጃውን አየችና «ሁለታችሁም አብዳችኋል» ብላ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ ዘይኑ ያንን ያደረጉት። አንድ ቀን ምሳ ሊቀርብ ሲል ደረጃው አጠገብ ሄደው፣ ዞር ዞር ብለው አዩና ከራውተሩ ወደ ላይ የሚወጣውን ሰማያዊ ገመድ ነቀሉት። የቱ እንደሆነ አልጠፋቸውም፤ ገመድ ሲሆን አይሳሳቱም። ከዚያ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ብዙም ሳይቆይ ሰልማ በባዶ እግሯ እየሮጠች ወረደች። «አባ! ላይ ቤት ኔትወርክ ጠፋ!»

«ገመድ ነው» አሉ ጋሽ ዘይኑ፣ ዓይናቸውን ከመሶቡ ሳያነሱ። «አንዳንዴ ይበጠሳል።»

ሰልማ ስልኩን ከፍ አድርጋ ሳሎኑን ስትዞር መስመሩን እዚያው አገኘችው፤ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ጋሽ ዘይኑ በልባቸው ተደሰቱ። ደስታቸው ግን አልቆየም፤ ከስልኩ ውስጥ የልጅ ልቅሶ ተለቀቀ። የማስመሰል ልቅሶ አይደለም። ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ጩኸቱ አልቆ ዕንቅ ዕንቅ ብቻ የሚቀርበት ዓይነት ነው። ላም ከጥጃዋ ለይቶ የሸጠ ነጋዴ ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ጋሽ ዘይኑም እንዲህ ያለውን ሽያጭ ከተዉት ቆይተዋል።

«ምን ሆና ነው?» አሉ።

«ምሳ አልበላም ብላ ነው። እኔን ካላየች አትበላም።» ሰልማ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እናቷ ሆስፒታል ነው የምትውለው አባ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ማማ ያለችው እኔን ነው፤ እናቷ እንዳትሰማ አፏን ያዝኳት። ስመጣ እንኳን አልተሰናበትኳትም። ተኝታ ሳለች ውጪ ተባልኩ። ስትነቃ የለሁም።»

መሪማ የወጥ ድስት እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጋሽ ዘይኑ ከመናገር ይልቅ አንድ ነገር ማድረግ ይቀላቸዋል፤ እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን ተቀበሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ለስልኩ፣ ለትልቅ ሰው በሚባልበት ድምፅ።

ጁሪ ነጭ ጢም ስታይ ደንግጣ ዝም አለች። ጋሽ ዘይኑ ዐረብኛቸው የሶላትና የዱዓ ነው፤ ሕፃን የሚያባብል አንድ ቃል የለበትም። ስለዚህ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። የልጅቷ ከንፈር ዳግም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ከጓሮ ዳለቻ የምትባለው ላማቸው እምቧ አለች።

ጁሪ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ድምፁ ምንድን ነው እያለችህ ነው» አለች ሰልማ።

ይሄን ያውቁታል። ከቁርኣን ረጅሙ ምዕራፍ ስሙ ላም አይደል እንዴ? «በቀራ» አሉ ጋሽ ዘይኑ።

«በቀራ?» የልጅቷ ዓይን ተበለጠጠ። «በቀራ!»

ትርጉም አላስፈለገም። ጋሽ ዘይኑ ስልኩን ይዘው ተነሱ፤ በማድ ቤት በኩል ወደ ጓሮ ወረዱ። ሎሚውን እንዳለፉ ጁሪ አፏን ከፍታ ደረቀች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ልቅሶዋ ተመለሰ፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሉ ጠፋ። ከብቶቹ ያሉት ከዚያ ማዶ ነው። ለጥቂት ጊዜ እዚያው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩና ስልኩን ለሰልማ ሰጧት፤ ዳለቻን ፈትተው በቤቱ ጎን እየጎተቱ አመጧት፤ ከዚያም መሪማ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና «ያ አላህ! ሴራሚኩን! ዘይኑ፣ ሴራሚኩን!» እያለች ስትጮህ የላሟን ግማሽ ሳሎን አስገቡ።

ዳለቻ አዲሱን ቤት አየች። መጋረጃውን አሸተተች፤ ቀመሰችውም። ጁሪ ጮኸች፤ የአሁኑ ጩኸት ሌላ ነው። ሰልማ ስልኩን ወደ ላሟ አስጠግታ በዐረብኛ አንድ ነገር ስትላት ልጅቷ ወደ ኋላ ዞረችና ለሚያጎርሳት ሰው አፏን ከፈተች፤ ጎረሰች። ላሟ መጋረጃውን ስታመነዥክ እሷም ሩዟን አብራ አላመጠች።

ሰልማ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ኋላ ሶፋው ላይ ተደፍታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። መሪማም ጩኸቷን ረሳችው። ጋሽ ዘይኑ ልጃቸው ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ላሟን ለማስወጣት አልቸኮሉም።

ከሰዓት በኋላ ሰማያዊውን ገመድ ቀስ ብለው ቦታው መልሰው ሰኩት። ሰልማ አይታቸዋለች፤ ያን ቀን ግን ወደ ላይ አልወጣችም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ጁሪ ነበረች፤ ሰልማን ሰላም ብላ ወዲያው «በቀራ» አለች። በማግስቱም እንዲሁ። ሐኪሟም አንድ ቀን ራሷ ብቅ አለች፤ ጠቆር ያለ የድካም ክብ ከዓይኗ ሥር ያለባት ሴት ናት፤ ልጅቷ ምሳዋን መብላቷን አመስግና፣ ላሟ ደህና መሆኗን በትሕትና ጠየቀች። ጋሽ ዘይኑ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ በዚህ ጊዜ መልሱ በትክክል ገጠመ።

ሳሎኑ ግን አልቻለም። መጋረጃው ተበልቷል፣ ሴራሚኩ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል፣ መሪማ መጥረጊያዋን እንደ ጦር ይዛ በር ትጠብቃለች። ጋሽ ዘይኑ ናሆም ዘንድ ደወሉ።

«ከብቶቹ ጋ መስመር እፈልጋለሁ።»

«ለካሜራ ነው ጋሼ? ለሌባ?»

«ኧረ የምን ሌባ! ምሳ ሰዓት ላይ የሚጠብቀን ሰው አለ።»

ናሆም መጣ። ጉዳዩን ከሰልማ ሲሰማ በዚህ ጊዜ ሳቁን አልዋጠውም፤ ጋሽ ዘይኑም አልተቆጡትም። ከጓሮው በር እስከ በረቱ ድረስ ገመዱን መሬት ውስጥ እንቅበረው ወይስ በአጥሩ እንውሰደው በሚለው ላይ ተከራከሩ፤ ከብት የሚረግጠው ቦታ ላይ መቅበር እንደማይበጅ ጋሽ ዘይኑ ተናገሩ፣ ናሆምም ተስማማ። የውጪው ሣጥን ዝናብ እንዳይነካው ከጣሪያው ክንፍ ሥር ይሁን ተባለ። ሰልማ ስልኩን ይዛ ገለባው ላይ ቆማ «አሁን ደህና ነው... ጠፋ... ትንሽ ወደ ግራ፣ ናሆም... እሺ መጣ!» ትላለች።

«ላሟ በምሳ ሰዓት የምትቆመው በየት በኩል ነው?» አለ ናሆም መሰላሉ ላይ ሆኖ።

«በጥላው በኩል» አሉ ጋሽ ዘይኑ። «ግን ዛሬ ፀሐዩ አልበረታም፤ እዚህ ጋ ብትሆን ፊቷ በደንብ ይታያል።»

ከቤት ውስጥ መሪማ ለምሳ ጠራች። «መጣን!» አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ስልኩ ገና መደወሉ ነበር። ደግማ ጠራች። ኋላ የጓሮው በር በእግር ተገፍቶ ተከፈተ፤ መሪማ መሶቡን ተሸክማ እያጉረመረመች ብቅ አለች። ይህን ሁሉ ክፍል አሠርታ፣ ይህን ሁሉ ገመድ አስቀብራ ከላም ጋር ምሳ መብላቷን ለአላህ አቤት እያለች መሶቡን የተገለበጠ በርሜል ላይ አኖረችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እስቲ ጠጋ በሉ፣ እኔም ልጅቷን ልያት» ብላ በሰልማና በዳለቻ መሐል ተቀመጠች።